የመግቢያ ሐ አሥራ ስምንተኛው ሰው

በመግቢያ ሐ ጠዋት የሚጀምረው በማመሳከር ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አሥራ ሰባታችንም በየደጃፋችን እንቆማለን። የአራተኛው ፎቅ ሰዎች የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወደ ታች ያያሉ። የመግቢያው ሰብሳቢ አቶ ሰጠኝ ከምድር ቤት ሆነው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ትናንት ውኃ የሄደው ስንት ሰዓት ነበር?»

«አምስት ሰዓት!»

«የመጣውስ?»

«አሥር ሰዓት ከሩብ!»

«ከሰዓት በኋላ ዘንቧል?»

«አካፍቷል!»

ካፊያውን ያላየ ሰውም አካፍቷል ይላል። በየጣሪያው ያለው ማዛመጃ የሚባል መሣሪያ የምንለውን ሁሉ ይሰማል፤ ከየበሩ ጉበን ላይ ያለው የየነዋሪው ቁጥር ደግሞ ሰኞ ሰኞ ይታደሳል። ቁጥሩ የአንድ ሰው ትውስታ ከጎረቤቶቹ ትውስታ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚናገር ነው። ከአርባ በታች የወረደ ሰው ወደ ማረፊያ ይወሰዳል። ማረፊያ የት እንደሆነ በማመሳከር ላይ ተጠይቆ አያውቅም።

አባቴ ይፍሩ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የከተማው መሬት ቀያሽ ነበር። እሱ የቀየሰው ከተማ ሦስት ጊዜ ፈርሶ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። አባቴ ግን የመጀመሪያውን በእርምጃ ያስታውሰዋል። «የማይሠራው ሊፍት ያለበት ቦታ ላይ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ከበሩ እስከ ወንዙ መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ከአሥራ ሰባታችን መካከል ያንን ወፍጮ ቤት ያየ ሌላ ሰው የለም፤ ሁላችንም በዕጣ ከየአቅጣጫው የመጣን ነን። ማዛመጃው አባቴን የሚመዝነው በሚያስታውሰው ነገር ብዛት ሳይሆን አብረውት በሚያስታውሱ ሰዎች ብዛት ነው። በ2079 መስከረም ስልሳ አንድ የነበረው ቁጥሩ በጥር አርባ ሦስት ደረሰ።

«አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ስለ ውኃው ብቻ ብትናገር ምን አለበት?» አልኩት።

«ስለ ውኃውማ ሁሉም ይናገራል፣ ፀዳለ» አለ፣ ጫማውን እያሰረ። «ወፍጮ ቤቱ ከእኔ በቀር ማን አለው?»

ሥራዬ የፍለጋ ጨዋታ መንደፍ ነው። የመሥሪያ ቤት የመዝናኛ ቀን ሲኖር ወይም ሙሽሮች እንግዶቻቸውን ማጫወት ሲፈልጉ፣ የጠፋ ሰው ወይም ላኪው የማይታወቅ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፤ ተጫዋቾቹም እየጠየቁና እየተከራከሩ ምሥጢሩን ይደርሱበታል። ትልልቆቹ አዘጋጆች ተዋንያን ያሰልፋሉ፣ ቤት ይከራያሉ። እኔ የምሠራበት ክፍል እንዲህ ያለ አቅም ኖሮት አያውቅም። አቅም የሌለው ነዳፊ ሰው መፍጠር አይችልም፤ የጎደለ ሰው ባዶ ቦታ ግን መፍጠር ይችላል። አንድ ወንበር በጥንቃቄ ባዶ ከተደረገ፣ ተመልካቹ ራሱ ሰው ያስቀምጥበታል፤ ያስቀመጠውንም ሰው ከማንም በላይ ያምናል። ሌላው የሙያው ሕግ ደግሞ ጨዋታው ጨዋታ ነው ተብሎ እንዳይነገር ነው።

የፈረሰውን ሰፈር ለአሥራ ስድስት ሰዎች መመለስ አልችልም ነበር። አባቴን ለማትረፍ የሚያስፈልገኝ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስላልነበረ ነደፍኩት። ስሙን አብተው አልኩት፤ በመግቢያችን በዚህ ስም የሚጠራ ማንም አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም። ማዛመጃው የሚመዝነው የተነገረውን ብቻ ነው፤ ዝምታ አይቆጠርም፤ እኔም በዝምታ የታወቅሁ ነኝ።

የተጠቀምኩት በቤታችን ያለውን ዕቃ ብቻ ነው። አንድ እሑድ ረፋድ፣ አብዛኛው ሰው ከቤት በወጣበት ሰዓት፣ ከደረጃው ሥር ያለውን ማንም የማይጠቀምበትን የዕቃ ክፍል ጠራረግሁና በአሮጌ ጓጉንቸር ቆለፍኩት። ከበሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ጥቁር የወንድ ጃንጥላ ሰቀልኩ። በሩ ላይም አንድ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «አቶ አብተው፣ የሰገነቱን ቁልፍ እባክዎ ይመልሱልን። ጎረቤቶችዎ።» የጻፈው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም፤ ሁሉም ሌላው ጽፎታል ብሎ ያስባል።

ለአባቴ ያዘጋጀሁት ሌላ ነበር። የግቢውን ንድፍ በእርሳስ ስዬ፣ ሰሜኑን ወደ ደቡብ ገልብጬ፣ ልኩን ሁሉ አዛብቼ፣ ከግርጌው «አብተው» ብዬ ጽፌ በደረጃው መታጠፊያ ላይ ሰካሁት። አባቴ የሰው ስድብ ይችላል፤ የተዛባ ካርታ ግን አይችልም።

የመጨረሻውን ዕቃ ያስቀመጥኩት በእትዬ ዘውድነሽ ደጃፍ ነበር። እትዬ ዘውድነሽ በሁለተኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ወደ መግቢያችን አዲስ ሰው በገባ ቁጥር በማግስቱ ሄደው የሚጠይቁ፣ አሥራ ሰባታችንንም ከነዘመዶቻችን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሰው ማወቅ ክብራቸው ነው። ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሰባት ሎሚ አድርጌ፣ «እትዬ ዘውድነሽ፣ ስላዋሱኝ አመሰግናለሁ። አብተው» የሚል ብጣሽ ወረቀት ጨመርኩበት። በእኛ ዘንድ የተዋሱት ሳህን ባዶውን አይመለስም።

በሬን ገርበብ አድርጌ ቆየሁ። እትዬ ዘውድነሽ ከውጭ ተመልሰው ሳህኑን አነሡ፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ እንደገናም አነበቡት። በዚህ መሐል ከምድር ቤት የጥገና ሱቅ ያለው ከድር ደረጃውን እየዘለለ ወጣ።

«እትዬ፣ ይህን የመሰለ ሎሚ ማን ላከልዎት?»

ሳህኑ የእርሳቸው እንዳልሆነ እርሳቸው ያውቃሉ። ነገር ግን ሎሚ ጨምሮ ሳህን የመለሰን ጎረቤት አላውቀውም ማለት ነውር ነው።

«አብተው ነዋ» አሉ። «መቼም ጨዋ ሰው ነው።»

«የትኛው አብተው?»

«እንዴ ከድር! ጎረቤትህን አታውቅም? ወይ ጉድ!»

ከድር ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ማዛመጃውን አየ፤ ከዚያ እትዬ ዘውድነሽን አየ።

«ኧረ አውቀዋለሁ። ያ ረጅሙ አይደል?»

«ረጅም እንኳ አይባልም።»

«ማለቴ፣ ጎንበስ ሲል ረጅም የሚመስለው።»

«እሱን በል» አሉና ሳህኑን ይዘው ገቡ።

አሥራ ስምንተኛው ሰው በዚህ ሁኔታ ተወለደ።

በማግስቱ አባቴ ከደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ጮኸ። «ይህን የሳለ ሰው መታሰር አለበት! ሰሜንን የት ነው የወሰደው?» እርሳሱን አውጥቶ ማረም ጀመረ። ለማረም መለካት ነበረበት፤ ለመለካት ከቤት መውጣት ነበረበት። አራት ወር ሙሉ ከማመሳከር በቀር ከደጃፉ ያልራቀው ሰው ግቢውን በእርምጃ ሲቆጥር ዋለ። ያገኘውንም ሁሉ «ይህ አብተው የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?» እያለ ጠየቀ። ሰውም መለሰለት። አላውቅም ያለ አንድም አልነበረም።

በመጀመሪያው ሳምንት አብተው ዝምተኛ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሆነ። በሦስተኛው ፎቅ ሕፃን ልጇን ይዛ የምትኖረው ሮማን የሕፃኑን አልጋ እስከ ላይ የተሸከመላት እሱ እንደሆነ ተናገረች። አቶ ሰጠኝ በስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ እንደተቃወማቸው፣ ነገር ግን በጨዋ ደንብ እንደሆነ አስታወሱ። እትዬ ዘውድነሽ ደግሞ የአገራቸው ልጅ መሆኑን፣ ቤታቸው ሁለት ጊዜ ሽሮ እንደበላ፣ ለጉልበታቸው ሕመም መድኃኒት እንደነገራቸው አወሩ። እኔ ከስሙና ከጥቂት ዕቃ በቀር ምንም አልሰጠሁትም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ወደ ማመሳከር ገባ።

«አቶ አብተው ትናንት አልፏል?»

«አልፏል!»

«ሰላምታ ሰጥቷል?»

«ራሱን ነቅንቆ!»

አባቴ ድምፁን ከሌሎቹ ጋር አስተባብሮ ሲመልስ ሰማሁት። ቁጥሩ አርባ ዘጠኝ፣ ከዚያም አምሳ ሰባት ሆነ። ወፍጮ ቤቱን ማንሣት አልተወም፤ አሁን ግን ሰዎች ቆመው ያዳምጡት ነበር። እኔም ሥራዬን በትክክል እንደሠራሁ ተሰማኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከደረጃው ሥር የወንድ ሳል ሰማሁ። አብተው መስሎኝ ሄጄ አጣራሁ፤ የውኃ ቧንቧው ነበር።

በአምስተኛው ሰኞ ቁጥሮቹ ሲታደሱ፣ ከዕቃ ክፍሉ ጉበን ላይ ቁጥር በራ። ሰባ አራት። ከመካከላችን ሰባ አራት የደረሰ ማንም አልነበረም። ማዛመጃው ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ነዋሪ አግኝቶ መዝግቦት ነበር።

ማንኛውም ጨዋታ ሲነደፍ ቀድሞ የሚነደፈው መጨረሻው ነው። ይህን ለጀማሪዎች የማስተምር እኔ ነኝ። የአብተውን መጨረሻ ግን አልነደፍኩም ነበር፤ አብተው ካለቀ የአባቴ ቁጥር ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ደፍሬ አላሰብኩበትም። ያን ሰኞ ግን ፈራሁ። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ጃንጥላውን ከምስማሩ አንሥቼ ወደ ቤት አስገባሁ። ሰውየው ቀስ በቀስ ይረሳል ብዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አቶ ሰጠኝ ጠየቁ፦ «አቶ አብተው ትናንት አልፏል?»

መልስ ዘገየ። ሁሉም ባዶውን ምስማር አይቶ ነበር። የአባቴ ድምፅ ብቻውን ተሰማ።

«ትናንት ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጃንጥላውን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ። አልተመለሰም።»

«አልተመለሰም!» አለ መግቢያው በሙሉ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግራጫ መኪና ከመግቢያችን ፊት ቆመ። የወረደው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ ወጣት ነበር። ናሆም እባላለሁ አለ፤ ከመዝገብ ምርመራ ክፍል መምጣቱን ተናገረ። ሁላችንንም ወደ ደረጃው አስጠራን። በምርመራ ጊዜ ቁጥሩ ሰኞን እንደማይጠብቅ፣ በየንግግራችን እዚያው እንደሚለዋወጥ በትሕትና አስታወሰን።

«ቁጥሩ ሰባ አራት የሆነ ነዋሪ ለሁለት ሌሊት ቤቱ አልገባም» አለ። «መጨረሻ ያዩት አቶ ይፍሩ ናቸው። አብረውኝ ይመጣሉ፤ ለጥያቄ ብቻ ነው።»

አባቴ ኮቱን ለመልበስ ዞረ።

«ስንት ቀን ይቆያል?» አልኩ።

«እንደ ጥያቄው ነው። ከአራት ቀን አያንስም።»

አንድ ቀን ያላመሳከረ ሰው አምስት ነጥብ ያጣል። በአራት ቀን ሃያ ነው። ከአምሳ ሰባት ሃያ ሲቀነስ ሠላሳ ሰባት ይቀራል። አባቴ ያን መኪና ከገባ ወደ ቤት የሚመለስበት መንገድ አልነበረም፤ ይህን በደረጃው ላይ የቆመ ሁሉ አስልቶ ጨርሷል።

«አብተው የሚባል ሰው የለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ናሆም ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ሐኪም ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«እሱን ማስታወስ ያቃተዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጓጉንቸሩን፣ ወረቀቱን፣ ካርታውን፣ ሳህኑን አንድ በአንድ ነገርኩት። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ሄዶ ከፈተው፤ የተጠረገ ባዶ ክፍል ነው።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ሰው ይኖርበት ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ እትዬ ዘውድነሽ ከላይ። «ቤቴ ገብቶ የበላውን ሰው ነው የለም የምትይኝ? ያን ያህል ነው የናቅሽኝ?»

«አብተውን የምታውቁ እጃችሁን አንሡ» አለ ናሆም።

አሥራ አምስት እጅ ተነሣ። አንዳንዱ ከትከሻ በላይ አልወጣም፤ ቢሆንም ተቆጠረ። አባቴ እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። የእኔ በር ጉበን ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ስልሳ ስድስት የነበረው አምሳ ሁለት፣ ከዚያ አርባ አምስት፣ ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ ቆመ።

«በመኪናው ውስጥ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አለ» አለ ናሆም። «በዚሁ ብትዘጋጁ።»

አባቴ ያን ጊዜ ነው የተናገረው። የሚናገረው ለናሆም ሳይሆን ለራሱ ይመስል ነበር።

«ያየሁት ጃንጥላው ከምስማሩ ላይ መነሣቱን ነው። የቀረውን ከራሴ ጨመርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ያልለካሁትን መሬት ለክቻለሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ ሰውየውን ግን ሳላየው አየሁት አልኩ። አላየሁትም። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።»

የእሱም ቁጥር ሠላሳ ስምንት ገባ።

 ከዚያ ከድር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ፣ እኔም አላውቀውም። ረጅም ነው ያልኩት እትዬን ፈርቼ ነው። አጭር ነው ቢሉኝም አጭር ነው እል ነበር።»

የሳቀ የለም። የሱቁ በር ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ ዞር ብሎ አየውና እጁን አጣምሮ ቆመ።

አቶ ሰጠኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እንደ ሰብሳቢነቴ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከግማሽ በላይ ሰው ቃሉን ቢለውጥስ?»

«መዝገቡ ከአብላጫው ጋር ይሄዳል። አሥራ ሰባት ናችሁ፤ ዘጠኝ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ከሞላችሁ ስህተቱ የእናንተ አይደለም፤ ቁጥራችሁም ይመለሳል።» ናሆም ሰዓቱን አየ። «ስምንት ከሆናችሁ ግን ስምንታችሁም ትመጣላችሁ። ሌላ መኪና እጠራለሁ።»

ይህ ከተነገረ በኋላ ማንም ሰው ባይናገር አልፈርድም ነበር። የሮማን ሕፃን አለቀሰ፤ እሷም እየወዘወዘችው ሁለት ደረጃ ወረደች።

«አልጋውን የተሸከምኩት ራሴ ነኝ» አለች። «ብቻዬን። ሦስት ቦታ አርፌ ነው የወጣሁት። ሰው አጠገቤ ነበር ማለት ደስ ስላለኝ ነው።» አራት ሆንን።

አቶ ሰጠኝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ስህንን አዩ። ወይዘሮ ስህን «እኔን ምን ታየኛለህ፣ ተናገራ!» አሏቸው።

«በስብሰባ የተቃወመኝ ሰው የለም» አሉ አቶ ሰጠኝ። «ተቃውሞኝ የሚያውቅም የለም።»

«እኔም የማውቀው ከእርሱ አፍ ሰምቼ ነው» አሉ ወይዘሮ ስህን። ስድስት።

ሰባተኛውና ስምንተኛው በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቅየው «አላውቀውም» አለ፤ ታናሽየው «እሱ ካላወቀው እኔም» አለ። ናሆም ስምንት ብሎ ጻፈ። ከበሮቻችን ላይ ያሉት ስምንት ቁጥሮች ሁሉም ከአርባ በታች ነበሩ።

የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፤ እትዬ ዘውድነሽና ስምንት የአራተኛው ፎቅ ሰዎች። ስምንቱ አንድ ላይ ወደ እትዬ ዘውድነሽ አዩ። ጠላትነት አልነበረባቸውም። ግን ሽሮ አብልቼዋለሁ፣ የአገሬ ልጅ ነው ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ ከእርሳቸው ቀድሞ አላውቀውም ማለት እርሳቸውን በአደባባይ ውሸታም ማለት ነው። በአራተኛው ፎቅ እትዬ ዘውድነሽ ቀድመው ያልጠየቁት፣ ሲታመም ደጁን ያላንኳኩለት ሰው አልነበረም። ሰዎቹ እርሳቸውን ከማሳፈር እኛ ስምንታችን ወደ ማረፊያ ብንወሰድ የሚመርጡ መሰሉ፤ ሁሉም አቀረቀሩ።

ናሆም ስልኩን አወጣ። «ሁለተኛውን መኪና ልጥራ።»

«ቆይ» አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። ደረጃውን መውረድ ጀመሩ፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግር ነው የሚወርዱት። ሊደግፋቸው የተነሣውን ከድርን በእጃቸው መለሱት። ማዛመጃው ከላያቸው፣ አሥራ ስድስታችን በዙሪያቸው ነበርን። ናሆም ፊት ሲደርሱ ቆሙና ቀና አሉ።

«እኔ» አሉ፣ «ጎረቤቴን አላውቀውም የምል ሴት አይደለሁም። ስሜን ጠይቅ። እዚህ ያለውን ሁሉ ከነእናቱ አውቃለሁ። ይህቺ ልጅ ስትገባ ሳሎኗ ውስጥ ወንበር እንኳ አልነበረም፤ መሬት ተቀምጬ ነው የጠየቅኋት።»

«ገብቶኛል፣ እናቴ። ስለዚህ አብተውን ያውቁታል ብዬ ልጻፍ?»

እትዬ ዘውድነሽ ዞሩ።  ወደ አባቴ አዩ፤ አባቴ ኮቱን ለብሶ ጨርሶ ነበር። ወደ ሕፃኑ አዩ። ወደ እኔ አላዩም።

«አብተው የሚባል ጎረቤት» አሉ ቀስ ብለው፣ «የለኝም።»

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነበር። የአራተኛው ፎቅ ሰዎች «የለም፣ የለም» እያሉ ተቀባበሉት። ቁጥሮቹ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየበሩ ተመለሱ፤ የዕቃ ክፍሉ ጉበን ጨለመ። ናሆም ለመዝገቡ ያህል በዚያ ከሰዓት በኋላ በደረጃው ላይ የሆነውን እያንዳንዳችንን ጠየቀ። ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ሕፃኑ መቼ እንዳለቀሰ፣ እትዬ ዘውድነሽ ስንት ደረጃ እንደወረዱ አሥራ ሰባታችንም አንድ ዓይነት መለስን። አባቴ ደረጃዎቹን ቆጥሯቸው ነበር፤ ሃያ ሁለት ናቸው።

ናሆም ሲወጣ እኔ ዘንድ ቆም አለ።

«እንዲህ ያለ ጨዋታ መንደፍን የሚከለክል ደንብ የለም» አለኝ በተለመደ ትሕትናው። «ይኖራል።»

ሰኞ የአባቴ ቁጥር ስልሳ ስምንት ሆነ። በስተርጅናው ከአሥራ ስድስት ሰዎች ጋር በእውነት አብሮ ያየው አንድ ነገር አገኘ፤ ከእርሱ ጋር አያይዞ ወፍጮ ቤቱንም ይተርካል፤ ከድር መቶ አርባ ሁለቱን እርምጃ በቃሉ ይዞታል። እትዬ ዘውድነሽ በየጠዋቱ «ጋሼ ይፍሩ፣ እንዴት አደሩ?» ይሉታል። ሮማንን ይስማሉ፣ ወንድማማቾቹን ይመርቃሉ። በእኔ ደጃፍ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ በራቸውን አንኳኳሁ፤ አልከፈቱም።

«እትዬ ዘውድነሽ ፀዳለን ትናንት አናግረዋታል?» ብለው ይጠይቃሉ አቶ ሰጠኝ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።

«አላናገሯትም!» ይላል መግቢያው። እትዬ ዘውድነሽ «አላናገርኳትም» ይላሉ። እኔም «አላናገሩኝም» እላለሁ። አሥራ ሰባታችንም እንስማማለን፤ ቁጥራችን ላይ ይደመራል።